የሕዝብ ጤና አመራርና ፖለቲካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ በዋናነት የአሜሪካን የጤና ተቋማት የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅትንና ኢትዮጵያን የሚነኩትም ተካተዋል፤ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕዝብ ጤና መሪዎች የሚባሉት እነማን ናቸው?

አንድን ሕመምተኛ ከሚያክመው ሐኪም የተለዩ ናቸው። የሚመሩት ወረርሽኝን የሚከታተሉ፣ የክትባት ምክር የሚያወጡ ወይም መድኃኒትና ምግብን የሚቆጣጠሩ ተቋማትን ነው። በአሜሪካ ዋነኞቹ በ1946 በአትላንታ የተመሠረተው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ዳይሬክተር፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍዲኤ) ኮሚሽነር እና ለሕዝቡ በቀጥታ የጤና ምክር የሚሰጠው ሰርጅን ጀኔራል ናቸው። ሦስቱም የካቢኔ አባል በሆነው የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት ሚኒስትር ሥር ይሠራሉ። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ድርሻ ያላቸው ጤና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ናቸው።

ሿሚው ፖለቲከኛ ከሆነ፣ ተሿሚው ከፖለቲካ ነጻ ሊሆን እንዴት ይችላል?

ሙሉ በሙሉ ነጻ ሊሆን አይችልም፤ እንዲሆን መጠየቅም ተገቢ አይመስልም። ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይስ ይከፈት፣ ውስን በጀት ለወባ ይዋል ወይስ ለእናቶች ጤና የሚሉት ውሳኔዎች የአንዱን ጥቅም ከሌላው ጋር የሚያመዛዝኑ በመሆናቸው፣ ሕዝብ መርጦ ሊሽረው የሚችለው ሰው ኃላፊነቱን ቢወስድ ትክክል ነው። ከፖለቲካ ሊጠበቅ የሚገባው ከውሳኔው በፊት ያለው ሥራ ነው፤ ይኸውም ስንት ሰው እንደታመመ፣ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ ማጣራት፣ ከዚያም የተገኘውን ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ማሳወቅ ነው።

ስለዚህ ሚኒስትሩ የባለሙያውን ምክር ባይቀበል ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ምክሩን ሳይቀበል እንደተቀበለ ሲያስመስል፣ ወይም ምክሩ ራሱ እርሱ በሚፈልገው መንገድ እንዲጻፍ ሲያስገድድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች አብዛኞቹ በዚህ መስመር በሁለቱም ወገን የቆሙ ናቸው።

ጣልቃ ገብነት በተግባር ምን ይመስላል?

ብዙውን ጊዜ የተጻፈ ትእዛዝ አይኖረውም። ከ2002 እስከ 2006 ሰርጅን ጀኔራል የነበሩት ሪቻርድ ካርሞና በሐምሌ 2007 ለአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ሲመሰክሩ፣ ስለ ስቴም ሴል ምርምርና ስለ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንዳይናገሩ መከልከላቸውን፣ በንግግሮቻቸውም በእያንዳንዱ ገጽ የፕሬዚዳንት ቡሽን ስም ሦስት ጊዜ እንዲያነሱ መነገራቸውን ገልጸዋል። የስም ጥሪው ያስቃል፤ ዝምታው ግን ዋጋ አስከፍሏል፣ ምክንያቱም ሕዝቡ ያልተነገረውን ነገር እንዳልተነገረው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

በኮቪድ ጊዜ የታየው ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። በየካቲት 25 ቀን 2020 የሲዲሲ ባለሙያ ናንሲ ሜሶኒየር ቫይረሱ በአሜሪካ እንደሚሰራጭና የዕለት ተዕለት ኑሮን ክፉኛ ሊያናጋ እንደሚችል ለጋዜጠኞች ተናገሩ። በማግሥቱ የወረርሽኙ ሥራ አመራር ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ተሰጠ፤ መግለጫውም ከአትላንታ ወደ ዋይት ሀውስ ተዛወረ። በዚያው ዓመት በጤና ሚኒስቴሩ የነበሩ የፖለቲካ ተሿሚዎች የሲዲሲን ሳምንታዊ የሳይንስ ሪፖርት ከመታተሙ በፊት ለማየትና ይዘቱን ለማስቀየር ግፊት ማድረጋቸው በምክር ቤት ምርመራ ተመዝግቧል። ከሁለቱ የከፋው ሁለተኛው ነው። መግለጫ የሚሰጠውን ሰው መለወጥ በመንግሥት ሥልጣን ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ የሪፖርቱን ግኝት ለመለወጥ መሞከር ግን ሐኪሞች የሚመሩበትን መረጃ መበከል ነው።

ይህ የአንድ ፓርቲ ችግር ነው?

አይደለም። ሰርጅን ጀኔራል ጆይስሊን ኤልደርስን በታኅሣሥ 1994 ያሰናበቷቸው ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ናቸው፤ ምክንያቱም በጾታ ትምህርት ላይ በአደባባይ የተናገሩት ቃል ነበር። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ፕላን ቢ የተባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ታሪክ ነው። በሪፐብሊካኑ ቡሽ ዘመን ኤፍዲኤ መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ የቀረበውን ጥያቄ በማጓተቱ፣ የተቋሙ የሴቶች ጤና ክፍል ኃላፊ ሱዛን ዉድ በ2005 ሥራቸውን ለቀቁ። በዴሞክራቱ ኦባማ ዘመን ደግሞ ኤፍዲኤ በሁሉም ዕድሜ ላሉ ሴቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ሊፈቅድ ሲል፣ የጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሰቤሊየስ በታኅሣሥ 2011 ውሳኔውን ሻሩት።

የ2011ዱ ሽረት ግን አንድ ነገር ነበረው፤ በግልጽ የተደረገ ነው። ሚኒስትሯ ምክንያታቸውን በስማቸው አወጡ፣ የኤፍዲኤ ኮሚሽነር ማርጋሬት ሃምበርግም ሳይንሱ ውሳኔያቸውን እንደሚደግፍ በጽሑፍ አሳወቁ። ሁለቱም ወረቀቶች በአደባባይ ስለነበሩ፣ የፌዴራል ዳኛው ኤድዋርድ ኮርማን በ2013 ሽረቱን መርምረው ፖለቲካ የገፋውና ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው መሆኑን ሊፈርዱ ቻሉ። የተደበቀ ጣልቃ ገብነት ቢሆን ኖሮ ዳኛው የሚመረምሩት ወረቀት አያገኙም ነበር።

ጣልቃ ገብነቱ ሰው ይገድላል ማለት ማጋነን አይሆንም?

በደቡብ አፍሪካ አልሆነም። በ2000 አካባቢ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤድስ በኤች.አይ.ቪ. መምጣቱን በአደባባይ ተጠራጠሩ፤ የጤና ሚኒስትራቸው ማንቶ ሻባላላ ምሲማንግም ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ስለ ሎሚና ስለ ቀይ ሥር ጥቅም ሲሰብኩ ቆዩ። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ኤች.አይ.ቪ. የሚቀንሰውን ኔቪራፒን አምራቹ ለአምስት ዓመት በነጻ ለመስጠት ቢያቀርብም፣ መንግሥት አጠቃቀሙን በጥቂት የሙከራ ጣቢያዎች ወሰነው። መድኃኒቱ በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም እንዲሰጥ የወሰነው በሐምሌ 2002 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ግምት፣ ከ2000 እስከ 2005 በነበረው መዘግየት ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ 35,000 ያህል ሕፃናትም ከቫይረሱ ጋር ተወልደዋል።

በዚያ ዘመን የሀገሪቱ ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች እውነቱን አልሳቱትም። ያጡት፣ የሚያውቁት ነገር በመንግሥት ስም የሚነገርበትን መድረክ ነው።

በነሐሴ 2025 የሲዲሲ ዳይሬክተር ለምን ተባረሩ?

በዚህ ላይ ሁለት የሚጋጩ ቃሎች አሉ። የማይጋጨው እውነታ ይህ ነው፦ ዶክተር ሱዛን ሞናሬዝ በሐምሌ 29 ቀን 2025 በሴኔት 51 ለ47 በሆነ ድምፅ ጸደቁ፣ በሐምሌ 31 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፣ በነሐሴ 27 ተባረሩ። አንድ ወር እንኳ አልሞላቸውም። በመስከረም 17 ለሴኔት ኮሚቴ ሲመሰክሩ፣ የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ለሲዲሲ የክትባት ምክር የሚሰጠው አማካሪ ኮሚቴ የሚያወጣውን ምክር ሁሉ አስቀድመው ለማጽደቅ ቃል እንዲገቡና የቆዩ ባለሙያዎችን ያለ ምክንያት እንዲያሰናብቱ እንደጠየቋቸው ተናግረዋል። ሚኒስትሩ ይህን አስተባብለዋል፤ ሞናሬዝን ታማኝ መሆናቸውን ሲጠይቋቸው «አይደለሁም» ብለው እንደመለሱላቸውም ተናግረዋል። ከመባረሩ ጋር ተያይዞ ደብራ ሃውሪ፣ ዴሜትር ዳስካላኪስና ዳንኤል ጀርኒጋን የተባሉ ከፍተኛ ኃላፊዎች ሥራቸውን ለቀዋል።

ከዚያ ቀደም ሲል በሰኔ 2025 ሚኒስትሩ ከ1964 ጀምሮ ሲሠራ የቆየውን የክትባት አማካሪ ኮሚቴ 17ቱንም አባላት በአንድ ጊዜ አሰናብተው ሌሎችን ሾመዋል። የሰጡት ምክንያት የጥቅም ግጭትን ማስወገድና የሕዝብን እምነት መመለስ የሚል ነበር። የጥቅም ግጭት እውነተኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን መልሱ የእያንዳንዱን አባል ግጭት ለይቶ ማሳየት እንጂ ሁሉንም ጠርጎ ማውጣት ሊሆን አይገባም፤ በጅምላ የተባረረ ኮሚቴ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ሰው እርሱም በጅምላ ሊባረር እንደሚችል እያወቀ ነውና ድምፅ የሚሰጠው።

በአሜሪካ የምንኖር ወላጆች ምክሮቹ ሲጋጩ የትኛውን እንከተል?

ከ2025 ጀምሮ ይህ ጥያቄ የመጣበት ምክንያት አለ። በነሐሴ ወር የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በኮቪድ ክትባት ላይ ከሲዲሲ የተለየ የራሱን ምክር አወጣ፤ በመስከረም ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተንና ሃዋይ በክትባት ምክር አብረው ለመሥራት ጥምረት ፈጠሩ። ለልጅዎ የሚሆነውን፣ የጤና ታሪኩን ከሚያውቀው የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆነው መወሰን ይሻላል። አስተርጓሚ ከፈለጉ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ገንዘቡም ከምክሩ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። የመድን ድርጅቶች ያለ ክፍያ እንዲሸፍኑ ሕግ የሚያስገድዳቸውና ከአሜሪካ ሕፃናት ግማሽ ያህሉን የሚያገለግለው የሕፃናት የነጻ ክትባት ፕሮግራም የሚያቀርባቸው ክትባቶች፣ የአማካሪ ኮሚቴውን ምክር ተከትለው ይወሰናሉ። ዋነኛው የመድን ድርጅቶች ማኅበር እስከ መስከረም 1 ቀን 2025 ይመከሩ የነበሩትን ክትባቶች አባላቱ እስከ 2026 መጨረሻ እንደሚሸፍኑ አሳውቋል። ቢሆንም ከቀጠሮው በፊት ወደ መድን ድርጅትዎ ደውሎ ማረጋገጥ አይከፋም።

ሹመቱ በሴኔት እንዲጸድቅ መደረጉ አይበቃም?

የሲዲሲ ዳይሬክተር ሹመት በሴኔት እንዲጸድቅ ያደረገው በ2022 መጨረሻ የወጣ ሕግ ሲሆን፣ ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሥርዓት ጸድቀው ሥልጣን የያዙት የመጀመሪያዋ ሰው ሞናሬዝ ናቸው። ሕጉ የመግቢያውን በር ጠበቀ፤ የመውጫውን ግን ክፍት ተወው። ዳይሬክተሩ የተወሰነ የሥራ ዘመን ዋስትና የለውም፣ ሲሰናበትም በቂ ምክንያት እንዲቀርብ አይጠየቅም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የኤፍ.ቢ.አይ. ዳይሬክተር የሥራ ዘመን አሥር ዓመት፣ የማዕከላዊው ባንክ ቦርድ አባላት የሥራ ዘመን አሥራ አራት ዓመት ነው። የኤፍ.ቢ.አይ. ዳይሬክተሮችም ተባርረው ያውቃሉና የሥራ ዘመን ብቻውን ጋሻ አይሆንም፤ ነገር ግን ማባረሩን ከምርጫ ዑደት ያላቅቀዋል፣ ዋጋውንም ያስወድደዋል።

በሌላ በኩል ለፖለቲካ ተብሎ የተሾመ ሰው ሁሉ የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። የፕሬዚዳንት ሬገን ሰርጅን ጀኔራል ኤቨሬት ኩፕ የታወቁት ውርጃን በመቃወማቸው ስለነበር ሹመታቸው ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። በ1986 ግን ኤድስ እንዴት እንደሚተላለፍና ኮንዶም እንደሚከላከል በግልጽ የሚናገር ሪፖርት አወጡ፤ በ1988 ደግሞ ስለ በሽታው የተዘጋጀ በራሪ ጽሑፍ ለ107 ሚሊዮን ቤቶች በፖስታ ተላከ። ውርጃ በሴቶች አእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሪፖርት እንዲያወጡ በተጠየቁ ጊዜም፣ መረጃው ለመደምደም እንደማይበቃ በጥር 1989 ለፕሬዚዳንቱ ጻፉ። እምነታቸውን አልለወጡም፣ ማስረጃ አስመስለው ግን አላቀረቡትም። እንዲህ ያለ ሰው በየጊዜው ይገኛል ብሎ ሥርዓትን በዚያ ተስፋ ላይ መገንባት ግን አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅትስ ከፖለቲካ ነጻ ነው?

በሕግ ደረጃ አዎ፤ የድርጅቱ ሕገ ደንብ አንቀጽ 37 ዋና ዳይሬክተሩና ሠራተኞቹ ከማንኛውም መንግሥት መመሪያ እንዳይጠይቁም እንዳይቀበሉም ያዛል። በተግባር ግን ድርጅቱ የሚኖረው በመንግሥታት ገንዘብና ፈቃድ ነው። ለረጅም ጊዜ ከአባል ሀገራት የግዴታ መዋጮ የሚያገኘው ከበጀቱ ከአምስት አንድ እጅ ያነሰ ሲሆን፣ የቀረው ለጋሾች ለፈለጉት ጉዳይ ለይተው የሚሰጡት ነበር። አሜሪካ ከድርጅቱ የምትወጣበት ትእዛዝ በጥር 20 ቀን 2025 ሲፈረም ጉዳቱ ወዲያው የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ይህ ጥያቄ ከዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ስም ተለይቶ አያውቅም። ከ2005 እስከ 2012 የጤና፣ ከዚያም እስከ 2016 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው በግንቦት 2017 በአባል ሀገራት ምስጢራዊ ድምፅ ሲመረጡ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሮበርት ሙጋቤን የድርጅቱ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አድርገው ሰይመው፣ ከቀናት በኋላ በዓለም አቀፍ ነቀፌታ ሹመቱን አንሥተዋል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ስለ ክልሉ መዘጋት የተናገሩትን የኢትዮጵያ መንግሥት ወገንተኝነት ብሎት በጥር 2022 ለድርጅቱ አቤቱታ አቀረበ፤ የድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ምርመራ አልከፈተም። በግንቦት 2022 በድጋሚ ሲመረጡም የጠቆመቻቸው ሀገራቸው አልነበረችም። ስለ እርሳቸው ያለን አቋም የፈለገው ቢሆን፣ የሀገር ሚኒስትር የነበረ ሰው በገለልተኛ ወንበር ሲቀመጥ ገለልተኛነቱ ሁልጊዜ አጠያያቂ እንደሚሆን ጉዳዩ ያሳያል።

በኢትዮጵያ «አተት» የተባለው ለምን ነበር?

አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የምልክት መግለጫ ሲሆን፣ ኮሌራ ደግሞ በላቦራቶሪ የሚረጋገጥ በሽታ ነው። ለዓመታት በተነሡት ወረርሽኞች፣ በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. የነበረውንም ጨምሮ፣ በይፋ የሚነገረው የመጀመሪያው ስም ብቻ ነበር። ይህም ኮሌራን ለመሸሸግ ነው የሚል ክስ ሲቀርብ ቆይቶ በ2017 የዶክተር ቴድሮስ ምርጫ ሲቃረብ ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ ሆነ፤ እርሳቸውም ክሱን ውድቅ አድርገዋል። ሀገሮች ኮሌራን ለመጥራት የሚያመነቱበት ምክንያት አይጠፋም፤ ቱሪዝምና የምግብ ንግድ ይጎዳል የሚል ስጋት አለ። ሕክምናው በሁለቱም ስም ፈሳሽ መተካት ነውና ልዩነት የለውም የሚሉም አሉ። ልዩነቱ ግን በክትባት፣ በጎረቤት ሀገሮች ዝግጁነትና በሕዝቡ ጥንቃቄ ላይ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለአንድ ሰው ቢሆንም፣ ለመንግሥትም ይሠራል።

ይህ ልማድ ተለውጧል። በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኙ በይፋ ኮሌራ ተብሎ ተነገረ፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ ሲገኝም ጤና ሚኒስቴር በሽታውን በስሙ ጠርቶ አሳወቀ።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው ሲሳሳቱስ?

ይሳሳታሉ፤ ነጻነት ትክክለኛነትን አያረጋግጥም። በ1976 በፎርት ዲክስ የጦር ካምፕ የአሳማ ጉንፋን በመታየቱ፣ የሲዲሲ ዳይሬክተር ዴቪድ ሴንሰር መላው አሜሪካዊ እንዲከተብ መከሩ፤ ፕሬዚዳንት ፎርድም በምርጫ ዓመት ምክሩን ተቀበሉ። ወደ 45 ሚሊዮን ሰው ተከተበ፣ የተፈራው ወረርሽኝ ግን አልመጣም። ጊያን ባሬ የተባለው የነርቭ ሕመም በተከተቡት ላይ በመታየቱ ዘመቻው በታኅሣሥ ቆመ፤ ሴንሰርም በቀጣዩ ዓመት ከሥልጣን ተነሡ። ክትባቱን አምርቶ ማስቀመጥና ለሁሉ መስጠት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ሆነው ሳለ ባለሙያዎቹ አንድ አድርገው አቀረቧቸው፤ ፖለቲከኛው ወረርሽኙ መምጣት አለመምጣቱን አይቶ የሚመርጥበት ቦታ አልተተወለትም።

የስዊድን ምሳሌ ከዚህ ይለያል። የሀገሪቱ ሕግ ሚኒስትሮች በመንግሥት ተቋማት የዕለት ሥራ እንዳይገቡ ስለሚገድብ፣ በኮቪድ ጊዜ የሕዝብ ጤና ተቋሙ ከፍተኛ ነጻነት ነበረው። በየካቲት 2022 የመጨረሻ ሪፖርቱን ያወጣው አጣሪ ኮሚሽን በምክር ላይ የተመሠረተውን መንገድ በመሠረቱ ቢደግፍም፣ ጠንካራ እርምጃ በጊዜ አልተወሰደም፣ መንግሥትም በአንድ ተቋም ግምገማ ላይ ከልክ በላይ ተመርኩዟል ሲል ወቅሷል። ባለሙያን ማክበር ጥያቄ አለመጠየቅ ማለት አይደለም።

ባለሙያው ራሱ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባስ?

ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ አስቸጋሪው ሳይሆን አይቀርም። በ2020 የጸደይ ወራት ሰው እንዳይሰበሰብ፣ ዘመድም እንዳይቀብር ሲመክሩ ከቆዩት የጤና ባለሙያዎች ከ1,000 በላይ የሚሆኑት፣ በሰኔ ወር ዘረኝነትን የሚቃወሙ ሰልፎችን የሚደግፍ ደብዳቤ ፈረሙ። ዘረኝነት ጤናን ይጎዳል ማለታቸው መሠረት ያለው ነው፤ ሰልፉንም እንደ ዜጋ መደገፍ መብታቸው ነው። ነገር ግን ቫይረሱ የሰልፉን ዓላማ አይለይም። ቤተ ክርስቲያኑ የተዘጋበት ሰው ምክሩ በሳይንስ ሳይሆን በወገን የተመዘነ ነው ብሎ ቢጠረጥር ሊፈረድበት አይችልም። አደጋው ይህን ያህል ነው ብሎ መናገር የባለሙያነት ቃል ሲሆን፣ አደጋው ለዚህ ዓላማ ይገባል ማለት ግን የዜግነት አስተያየት ነው፤ በመንግሥት ወንበር የተቀመጠ የጤና መሪ ሁለቱን በአንድ ፊርማ ሥር ሲያወጣቸው የመጀመሪያው ዋጋ ያጣል።

ግኝቱን እንዲለውጥ የታዘዘ ባለሙያ ይልቀቅ ወይስ ይቆይ?

ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። በ2025 የለቀቁት ኃላፊዎች መልቀቃቸው ጉዳዩን ወደ ሴኔት መድረክ አድርሶታል፤ ነገር ግን በለቀቁት ቦታ የሚቀመጠውን የሚመርጠው ያስገደዳቸው ወገን ነው። ሜሶኒየር ከ2020ው መግለጫቸው በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ በሲዲሲ ቆይተዋል፤ መድረኩ ቢጠብባቸውም የክትባት ሥርጭቱን ዝግጅት ሲመሩ ነበር። ትእዛዙ ሐሰት እንዲናገር ወይም ውጤት እንዲለውጥ ከሆነ መፈረም የለበትም፤ ዝም እንዲል ብቻ ከሆነ ግን መቆየት የሚያስገኘውን ጥቅም መመዘን ይችላል።

ይህ ምርጫ ለታወቁ ሰዎች ይቀላል። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የበሽታ ቅኝት መረጃ የሚልክ ባለሙያ የሚሰማው ሴኔትም ጋዜጣም የለውም። ለእርሱ የሚጠቅመው ቁጥሩ በእርሱ እጅ ብቻ አለመቅረቱ ነው፤ የላቦራቶሪ ውጤቱ ወደ ላይ በቀጥታ በሚደርስበት፣ የተላከው ሪፖርት ቀንና ላኪ ይዞ በሚመዘገብበት፣ ማስተካከያ ሲደረግም ያስተካከለው ሰው ስም በሚታይበት ቦታ ቁጥር መቀነስ የፈለገ አለቃ በራሱ ስም ለመቀነስ ይገደዳል።